ወፍ ዋሻ ፏፏቴ በአንድ ቀን፦ ዕቅዱ የሚጀምረው ከመመለሻው ሰዓት ነው

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ስድስት የሥራ ባልደረቦች ነን፤ አንዷ ባልደረባችን የ11 ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣለች። በጥቅምት አጋማሽ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ተነስተን ሰሜን ሸዋ፣ ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ወዳለ ፏፏቴ በእግር ወርደን በዚያው ቀን ለመመለስ አስበናል። የስልኬ ካርታ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፏፏቴው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ይላል፤ መነሻው 3,100 ሜትር፣ መድረሻው 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ስንት ሰዓት እንነሳ? መንገድ የሚመራ ሰው የግድ ያስፈልገናል? ምንስ እንያዝ?»

ጉዞው በአንድ ቀን የሚቻል ነው፤ ልጅቷም ብትሆን የእግር መንገድ የለመደች ከሆነች ልትወጣው ትችላለች። ነገር ግን በጥያቄዎ ውስጥ «6 ኪሎ ሜትር ብቻ» የምትለዋን «ብቻ» እንዲያስወጧት በትሕትና እጠይቃለሁ። በዚህ ደን ለብዙ ዓመታት ሰው ይዤ ስወርድና ስወጣ ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚህችው ቃል ነው።

ተራራ ለመውጣት የሚሄድ ሰው ጧት ጉልበቱ ትኩስ ሳለ አቀበቱን ይጨርስና ከሰዓት በኋላ ሲደክመው ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ቢደክመው እንኳ ወዴት መመለስ እንዳለበት እግሩ ያውቀዋል። የሸዋ አፋፍ የተፈጠረው በተቃራኒው ነው። መኪናው የሚቆመው አናቱ ላይ፣ ደጋው ሜዳ አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ጠርዝ ነው፤ ደኑና ፏፏቴው ያሉት ከታች ነው። ስለዚህ ጧት በደስታና በጨዋታ የሚወርዱት ቁልቁለት፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበት ሲያልቅ፣ ውኃ ሲጎድልና ጉም መነሣት ሲጀምር 700 ሜትር አቀበት ሆኖ ይጠብቅዎታል። የዕቅዱ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው፤ ወደ ፏፏቴው መድረስን ሳይሆን ከፏፏቴው መውጣትን ያስሉ፤ የመነሻው ሰዓት ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውና ዛሬም የሚሠራበት ቀላል መመሪያ አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ይያዛል፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል። በዚህ መሠረት የእርስዎ መመለሻ ለ6 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለ700 ሜትሩ አቀበት 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ መመሪያ ጠንካራ ሰው ሳያርፍ የሚሄድበትን ጊዜ እንጂ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚውልን ሰውና አንዲት ልጅን አያሰላም፤ ሥራ ሥር እየተጠላለፈ የሚያዳልጠውን የደን መንገድም አያውቅም። በዚህ ላይ የስልክ ካርታ የመንገዱን ጥቃቅን መጠማዘዝ አለስልሶ ስለሚለካ፣ 6 የተባለው በእግር ሲሄዱት ከፍ ማለቱ አይቀርም። እኔ እንዲህ ላለ ቡድን ውጤቱን በአንድ ከግማሽ አባዛዋለሁ፤ ዕረፍቱን ጨምሮ ወደ 3 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ቁልቁለቱም ቢሆን ጉልበትን የሚፈትን ነው፤ ለእሱ 2 ሰዓት ተኩል ይያዙ።

አሁን ከማታ ወደ ጧት እንቁጠር። በጥቅምት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ወፍ ዋሻ ያለው ወደ ምሥራቅ በሚያይ ተዳፋት ላይ መሆኑን አይርሱ። ከኋላዎ፣ በምዕራብ በኩል፣ ገደሉ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በአምባው ላይ ያለ ገበሬ ገና ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ደኑ ውስጥ ያለ ሰው ጥላ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ከዝግባና ከጽድ ሥር ደግሞ ጥላው ቶሎ ወደ ድንግዝግዝ ይለወጣል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ሁላችሁም መኪናው ጋ መሆን አለባችሁ። አንድ ሰዓት ለክፉ ቀን ይተዉና 10 ሰዓትን ዒላማ ያድርጉ። ከ10 ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ተኩሉን ሲቀንሱ ከፏፏቴው የሚነሡበት ሰዓት 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፏፏቴው ሥር አንድ ሰዓት ተኩል ለመቆየት 5 ሰዓት መድረስ፣ ለዚህም ከአፋፉ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መውረድ መጀመር ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱን ብቻ በወረቀት ይጻፉ ብባል 6 ሰዓት ተኩልን እጽፋለሁ። በዚያች ሰዓት የትም ይሁኑ የት ይመለሳሉ። ፏፏቴው ድምፁ እየተሰማ፣ «ከዚያች ኩርባ ወዲያ ነው» እየተባለም ቢሆን ይመለሳሉ። ይህን ደግሞ እዚያ ደርሶ መወሰን አይቻልም፤ ሰው ከተደሰተ በኋላ ሰዓት አይታየውም። ጧት መኪናው አጠገብ ቆማችሁ፣ ሁላችሁም ሰምታችሁ ተስማሙበት፤ ከመካከላችሁም አንድ ሰው፣ ይሉኝታ የማይበዛበትን ቢሆን ይመረጣል፣ ሰዓቱን እንዲያስከብር ሹሙት።

እኔ ራሴ ይህን ሕግ ያጠበቅሁት ከጣስሁት በኋላ ነው። በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቡድን ይዤ ወርጄ፣ ፎቶግራፍ እናንሣ፣ ጥቂት እንቆይ ሲሉኝ እንግዳን ማስከፋት መስሎኝ አንድ ሰዓት ያህል አሳለፍሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ደረሰብን፤ ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ጀርባ ጠፋኝ። የወጣነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ያወጣንም የእኔ ዕውቀት ሳይሆን ከላይ ሆኖ እየተጣራ በድምፁ የመራን አንድ እረኛ ልጅ ነበር። በጣርማበር መሿለኪያ በመኪና ያለፈ ሰው ያንን ጉም ያውቀዋል፤ ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጧት የጠራ ሰማይ ስላዩ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ይውላል ብለው አይመኑት።

2 ሰዓት ተኩል ላይ ከአፋፉ ለመነሣት ሌሊቱን የት ማደር እንዳለብዎ እንግዲህ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አልፎ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከደብረ ብርሃን ወደ አፋፉ የሚወስደው መንገድ በአንኮበር በኩልም ሆነ በጣርማበር አቅጣጫ ከዋናው አስፋልት ከወጡ በኋላ የሚያዘግም ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዙለት። በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ እንነሣ ካሉ ሌሊት 10 ሰዓት መንቀሳቀስ ይኖርብዎታል፤ ያልተኛ ሾፌር ደግሞ ማታ ሲመለስ ከፏፏቴው የበለጠ ያሳስበኛል። ዓርብ ማታ ደብረ ብርሃን ቢያድሩ ሁለት ጥቅም ያገኛሉ፤ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ በልተው ይነሣሉ፣ ሰውነትዎም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አንድ ሌሊት ያሳልፋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከፍታ ለምዷልና ብዙ የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ቢሆንም 3,000 ሜትር ላይ አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ ማጠሩ አይቀርም። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ስለሚችል ለማደሪያ ሞቅ ያለ ልብስ ይያዙ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት ሰሜን ሸዋንም ስለነካ፣ መንገድ ክፍት የሚሆንበትና የማይሆንበት ቀን ይለያያል። ደኑ በአንኮበር፣ በባሶና ወራናና በጣርማበር ወረዳዎች የተዘረጋ ስለሆነ፣ በምትወርዱበት በኩል ያለውን የወረዳ አስተዳደር ወይም የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ቀድመው፣ ከዚያም ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጠይቁ። ጧት ደግሞ እዚያው የሚኖር ሰው ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ «አሁን ይቅርባችሁ» ካለ ጉዞው ቀረ ማለት ነው፤ ለምን ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

የመረጡት ወር በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ፏፏቴው ግርማ ሞገሱ ሙሉ ነው፤ መንገዱ ግን ጭቃ፣ ወንዙም የማይሻገሩት ይሆናል። በጥርና በየካቲት መሬቱ ደርቆ ለእግር ቢመችም ውኃው ይሳሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ በዚህ በኩል የበልግ ዝናብ አለ። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ገና እርጥበቱን ስላልጨረሰ ውኃውም አለ፣ መንገዱም መጠንከር ጀምሯል።

ሆኖም በጥቅምትም ያልታሰበ ዝናብ ይጥላል፤ ከመጣም አደጋው እናንተ ካላችሁበት ቦታ ላይነሣ ይችላል። የፏፏቴው ውኃ የሚሰበሰበው ከላይ፣ ከአምባው ሜዳ ነው። እናንተ ታች ፀሐይ እየሞቃችሁ ሳለ ላይ የጣለው ዝናብ ከየማሳው ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ በገደሉ ሊለቀቅ ይችላል፤ ደራሽ ጎርፍ የተባለውም ሳይታሰብ ስለሚደርስ ነው። ምልክቶቹን ለቡድንዎ አስቀድመው ይንገሩ፦ ጥርት ያለው ውኃ መደፍረስ ሲጀምር፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ድምፁ ከለመዱት ሲወፍር ዕቃ ሳይሰበስቡ ከወንዙ መሄጃ ወጥተው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ይሂዱ። በመንገዳችሁ ላይ መሻገሪያ ካለና ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሻገሩ፤ ጧት ሲሻገሩ ቁርጭምጭሚት የነበረው ከሰዓት በኋላ ከጉልበት ካለፈም በወዲያኛው በኩል ሆኖ እስኪጎድል መጠበቅ ይሻላል። ደራሽ እንደ አመጣጡ ብዙ ጊዜ አካሄዱም ፈጣን ነው።

«መንገድ የሚመራ ሰው የግድ ነው ወይ?» ላሉት፣ አዎ፣ የግድ ነው። ምክንያቱም መንገዱ አንድ ስላልሆነ ነው። ደኑ ውስጥ የከብት መንገድ አለ፣ የእንጨት ለቃሚ መንገድ አለ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች መንገድ አለ፤ ሁሉም መጀመሪያ ላይ ሰፊና የተረገጠ ይመስላል፣ ከዚያም ገደል ጫፍ ላይ ወይም ጥሻ ውስጥ ያልቃል። የስልክ ካርታ ደግሞ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥርና ከገደል ግርጌ ያሉበትን ቦታ አዛንፎ ሊያሳይ ይችላል፤ ኔትዎርክም በአብዛኛው መንገድ አይኖርም። ስለዚህ ካርታውን ዓርብ ማታ ስልክዎ ላይ ያውርዱት፤ ቢሆንም ለማረጋገጫ እንጂ ለመሪነት አይጠቀሙበት።

መሪውን በቀበሌው ወይም በጽሕፈት ቤቱ በኩል ያግኙ፤ ዋጋውንም ሳይወርዱ፣ ምን ምን እንደሚያካትት ለይተው ይስማሙ። የአካባቢው ሰው እንግዳ ስለሚያከብር ዋጋ መናገር ሊያፍር ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሳይነጋገሩ ወርደው ኋላ መቀያየም ለሁለቱም ወገን ጥሩ አይደለም። ቅዳሜያችሁ በወሩ 12 ወይም 21 ላይ ከዋለ ቀኑ የሚካኤል ወይም የማርያም ነውና፣ መሪውም የበቅሎው ባለቤትም ቅዳሴ ሊሄዱ ይችላሉ። ለ2 ሰዓት ተኩል እንደሚደርሱ አስቀድመው ያረጋግጡ፣ አለዚያም ሳምንቱን ያሸጋግሩ። በቅሎ ያልኩት በስሕተት አይደለም። ለልጅቷ መመለሻ አንዲት በቅሎ ተከራይታችሁ፣ በቅሎ ሊደርስ እስከሚችልበት ቦታ ወርዳ እንድትጠብቃችሁ ብታደርጉ፣ ከ3 ሰዓት ተኩሉ ላይ የሚቀነሰው ጊዜ ከኪራዩ በላይ ዋጋ አለው። በቅሎዋ ላልደከመ ልጅ ባታስፈልግ እንኳ እግሩ ለተጣመመ ጎልማሳ ታስፈልጋለች።

ስትወርዱ መሪውን ስለ ዛፎቹ ጠይቁት፤ ይህ ለጨዋታ ብቻ የምለው አይደለም። ይህ ደን ከላይ እስከ ታች በከፍታ የተደረደረ ስለሆነ፣ ዛፎቹን የለየ ሰው የት እንደደረሰ ያለ መሣሪያ ያውቃል። አፋፉ አካባቢ ጓሳው፣ ጅብራውና አስታው ይበዛሉ። ጥቂት ወረድ ሲሉ ቅርፊቱ ቀላ ብሎ የሚላላጠው፣ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠለው ኮሶ ይመጣል፤ አያቶቻችን አበባውን ለኮሶ ትል ይጠጡት የነበረው ይኸው ዛፍ ነው። ከዚያ ጽዱ ይበረክታል፤ እየወረዱ፣ አየሩም እየለዘበ ሲሄድ ዝግባው ይቀላቀለዋል። በ700 ሜትር ቁልቁለት ውስጥ የአየሩ ሙቀት በ4 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ይለያያል፤ ዛፎቹ የሚነግሩዎትም ይህንኑ ነው። ሲመለሱ ኮሶው እንደገና ከታየ አብዛኛው አቀበት አልቋል ማለት ነው፤ ገና ዝግባው ውስጥ ሆነው 8 ሰዓት ተኩል ካለፈ ግን ዘግይተዋል። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የመናገሻ ደን የተተከለው ከወፍ ዋሻ በተወሰደ የጽድ ዘር ነው ተብሎ ይነገራል፤ አንዳንዱን ግንድ ለሁለት ሆነው አቅፈው ሳይደርሱበት ሲቀሩ ይህን አለማመን ይከብዳል።

ከእንስሳቱ ጭላዳውን የሚያገኙት ከላይ፣ አፋፉ ላይ ሣር ሲነጭ ነው፤ ማታ ማታ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ላይ፣ የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ዕድል ከቀናዎት ከጥሻው ውስጥ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለሳይንስ የታወቀችውና ስሟን ከአንኮበር የወሰደችው ትንሽ ወፍም የምትኖረው በእነዚሁ ገደላማ አፋፎች ላይ ነው። ነብር አለ፤ ነገር ግን ሰው ሲሰማ ይሸሻል። በእኔ ልምድ ከአውሬው ይልቅ የሚያስቸግረው የእረኛ ውሻና ሳማ ነው፤ ለመጀመሪያው መሪው ይበቃል፣ ለሁለተኛው ረጅም ሱሪ ይልበሱ። ለየትኛውም እንስሳ ምግብ አትስጡ።

ፏፏቴው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ቆማችሁ ገደሉን ተመልከቱ። ይህ አፋፍ በጥንት ዘመን እየደጋገመ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች አንዱን የድንጋይ ንብርብር በጣርማበር ስም ይጠሩታል። በጠንካራዎቹ የጥቁር ድንጋይ ንብርብሮች መካከል ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ አፈርና አመድ አለ። ውኃው ለስላሳውን ከሥር እየበላ ጠንካራውን በአየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ፏፏቴ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው፤ ድንጋይ የሚወድቀውም በዚሁ መንገድ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣ ስንጥቅ በጥቅምት ስለሚላላ፣ ከፏፏቴው ግርጌ በቀጥታ አትቀመጡ፤ ከሥሩ ገብቶ ፎቶ መነሣትም ይቅር። ምሳችሁን በጎን በኩል፣ ትኩስ የድንጋይ ስባሪ ከማይታይበት ቦታ ብሉ። ሣርና ሽበት የመሰለ ነገር ያበቀለ ድንጋይ ከወደቀ የቆየ ነው፤ ስብራቱ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን ቅርብ ጊዜ የወደቀ ነው።

ዋነኛው ክልክል ግን ከላይ በኩል ወደ ፏፏቴው ከንፈር መጠጋት ነው። እዚያ ያለው ድንጋይ በውኃ የለሰለሰና የሚያዳልጥ አረንጓዴ አልጌ የለበሰ ስለሆነ ማንኛውም ጫማ አይይዘውም፤ ወደ ታች ለማየትም አንድ እርምጃ ማለፍ ያስፈልጋል፣ ያቺ እርምጃም አትመለስም። ልጅቷ በዚያ አካባቢ ከእናቷ እጅ አትውጣ። መዋኘትን በተመለከተ፣ ጥልቀቱ የማይታወቅ ኩሬ ውስጥ አይዝለሉ፤ ውኃው ከደጋ የወረደ በመሆኑ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይቆርጣል። እግርን ነክሮ ፊትን መታጠብ ለእንዲህ ያለ ቀን ይበቃል።

ጫማው አዲስ መሆን የለበትም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ቀደም ብሎ እግርዎን የለመደ ይሁን። መሪያችሁ በኮንጎ ጫማ እየሮጠ ሲወርድ አይታችሁ አትቅኑ፤ እሱ ያን መንገድ ሲረግጥ ያደገ ነው። እያንዳንዳችሁ ዱላ ያዙ። ሰሜን ሸዋ ዱላ ያልያዘ ገበሬ መንገድ ላይ የማይታየው ለጌጥ አይደለም፤ በቁልቁለት ላይ ሦስተኛ እግር ነው።

ልብስን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥጥ በመልበስ ነው። ጋቢ ደረቅ ሳለ ወደር የለውም፤ ከረጠበ ግን ይከብዳል፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና የሚደርበው ሱፍ ረጥቦም ስለሚያሞቅ ነው። እናንተም ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ላይ ውኃ የማያስገባ ስስ ካፖርት ያዙ፤ አንድ ቅያሪ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጨምሩ።

ውኃ ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ያስፈልጋል፤ ግማሹን ለመመለሻ ማስቀረትን ግን አይርሱ። ከጅረት በቀጥታ አትጠጡ፤ ሌላው ቢቀር አልቅት አለ፤ ጉሮሮ ውስጥ ከተጣበቀ ደግሞ የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። ለምግብ ከበሶ የሚበልጥ አላውቅም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃና በጥቂት ስኳር ተበጥብጦ ቶሎ ጉልበት ይሆናል፤ የሰሜን ሸዋ ገብስም የታወቀ ነው። ቆሎና ዳቦ ይጨምሩበት። ወቅቱ ወርኃ ጽጌ ስለሆነ ከመካከላችሁ የጽጌን ጾም የሚጾም ሊኖር ይችላል፤ ቅዳሜ በመሆኑ ከምግብ የሚያዘገየው ነገር ባይኖርም ጭኮ ከያዛችሁ ቅቤ አለውና ለሚጾመው ሰው የሚሆነውን ለይታችሁ ያዙ።

ሰው ቢጎዳ ምን እንደሚሆን በግልጽ ልናገር። ከዚያ ገደል ሥር የሚያወጣችሁ አምቡላንስ የለም፤ የሚያወጣው ቃሬዛ ነው። በሁለት አጠናና በጋቢ የሚሠራውን ቃሬዛ 700 ሜትር አቀበት ለማውጣት አራት ተሸካሚ በቂ አይሆንም፤ የሚፈራረቁ ብዙ ጎልማሶች ያስፈልጋሉ፣ እነሱን ከየመንደሩ ለመጥራትም ሰዓታት ይወስዳል። የአካባቢው ሰው ጥሪ ሲሰማ እንደሚደርስ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ሌሊቱን በሙሉ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለእያንዳንዱ ሰው የግንባር ባትሪና ፊሽካ፣ ለቡድኑ ደግሞ ፋሻ፣ የሕመም ማስታገሻና አንድ ብርድ ልብስ ያዙ። ደብረ ብርሃን ለሚቀር አንድ ሰውም የወረዳችሁበትን ቦታ፣ የመሪውን ስልክና «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልን ለወረዳው አሳውቅ» የሚል መልእክት በጽሑፍ ተዉ። አፋፉ ላይ ስትወጡና ኔትዎርክ ሲመለስ መጀመሪያ የምትደውሉት ለእሱ ይሁን።

ደኑን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። እሳት አታንድዱ፣ እንጨት አትቁረጡ፣ የያዛችሁትን ላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ውጡ።

ቅዳሜ ጧት አፋፉ ላይ ደርሳችሁ ጉሙ ከሌሊት ጀምሮ ያልተነሣ ከሆነ፣ ወይም ዓርብ ማታ ከባድ ዝናብ ጥሎ ካደረ፣ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጠብቁ። እስከዚያ ካልጠራ አትውረዱ፤ ያኔ ቢወርዱ እንኳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከፏፏቴው ለመነሣት እዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆዩም። ለእንዲህ ያለው ቀን ሌላ ዕቅድ ቀድማችሁ ያዙ፦ ከጫፉ በሚገባ ርቃችሁ በአፋፉ ሜዳ ላይ ከመሪው ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ተራመዱ፤ ጭላዳው ጉም ቢኖርም ከቅርብ ይታያል። ከዚያ ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው አንኮበር ሄዳችሁ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተገለጠ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ከዚያ ይታያል። ለመሪው የተስማማችሁበትን የቀን ሒሳብ ባትወርዱም ሙሉውን ክፈሉት፤ አለመውረዳችሁን የመከራችሁ እሱ ከሆነ ደግሞ ጨምራችሁ ክፈሉት።